በሁዳዴ መግቢያ ጎላ ያጠብኩ ዕለት

ወንድ ነኝ፣ የሠርግ ሚዜ ነበርኩ፣ ወንዝ ወርጄ ድስት አጥቤያለሁ። በእኛ በመንዝ እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ከደረሱ ሰሚው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ «ለመሆኑ ሰው አይቶሃል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔን ያየኝ አንድና ሁለት ሰው አይደለም፤ ሙሉ የለቅሶ ድንኳን ነው። ስለዚህ የሚደበቅ ነገር የለኝም። እንዲያውም ሌላው ሲያወራው እየጨማመረ ስላስቸገረኝ እኔው ራሴ እንደሆነው ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ሱቄ ማለት ጥቂት ቆርቆሮ፣ አንድ ኮምፕረሰርና ጎማ የሚነከርበት አንድ ገንዳ ነው። መንገዳችን ድንጋያማ ስለሆነ ሥራ አጥቼ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ አስፋልት እንዲገባለት ሲጸልይ እኔ ብቻ አሜን ሳልል እቀራለሁ። ዕድሜዬ ገና ሃያዎቹን አልጨረሰም ነበር፣ እጄ ከግራሶ ተለይቶ አያውቅም፣ ስለ ቅባት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር ሙሉነሽ የምትባል ልጅ ወድጄ ነበር። ገበያ ስትመጣ በሱቄ በኩል ታልፋለች፤ ሰላም እላታለሁ፣ ሰላም ትለኛለች፣ በቃ ይኸው ነው። በእኛ አገር ይህ ሽማግሌ ለመላክ በቂ ነው። ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ወልደየስ የአጥቢያቸው ሰንበቴ ሙሴ ናቸው። ሰንበቴ ምእመናን በየተራቸው ጠላና ዳቦ እያዘጋጁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አብረው የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። ሙሴው ደግሞ ተራ ያስጠብቃል፣ የማኅበሩን ዕቃ ይይዛል፣ ያጠፋውን ይቀጣል። ጋሽ ወልደየስ ከሦስቱ አብልጠው የሚወዱት የመጨረሻውን ነው።

ሽማግሌዎቼ ሄደው «እስኪ እናያለን» ተብለው ተመለሱ። «እናያለን» እሺም ነው፣ እምቢም ነው፤ አንዳንዱ ሰው «እናያለን» እንደተባለ አርጅቷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ ጋሽ ወልደየስ ለሚስታቸው ሲናገሩ ሰምቷል። «ልጁ ከተማ የከረመ ነው፤ ጎማ መንፋት ሥራ ነው ወይ? ቤት የሚይዝ ይሁን አይሁን አላወቅንም» ነው ያሉት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ፊት ሥራ የምሠራበትን አጋጣሚ ስፈልግ ከረምኩ። አጋጣሚው ድስት ሆኖ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

ጓደኛዬ ሽመልስ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። ሠርጉን የደገሰው በቅበላ እሑድ፣ ማለትም ሁዳዴ ሊገባ የመጨረሻዋ የሥጋ ቀን ላይ ነበር። ሚዜዎቹ እኔና ታምራት ነበርን። ታምራት ሞተር ብስክሌት ያለው፣ ፀጉር የሌለው፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። እንደምታውቁት በቅበላ ማንም ሰው ልኩን አይበላም፤ ሁሉም ለሚመጣው ሁለት ወር ጭምር ነው የሚበላው። የመንዝ በግ ደግሞ ላቱ ብቻውን አንድ ቤተሰብ ያጠግባል። ወጡ የተሠራው በሰንበቴው ጎላ ነበር። ጎላው ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ጆሮውን ይዘው በጭንቅ የሚያነሱት ትልቅ የብረት ድስት ነው።

ማምሻውን የሽመልስ እናት እትዬ አስካለ ደስ ብሏቸው ሙሽራውን አስጎንብሰው አናቱን ለጋ ቅቤ ቀቡት። ቀጥለው «እናንተም ልጆቼ ናችሁ» ብለው ወደ እኛ ዞሩ። ታምራት መላጣውን ቢያቀርብላቸው «አንተ ላይ የት ሊይዝልኝ ነው?» ብለው አለፉት። የእሱን ድርሻ እኔ አናት ላይ ደረቡት። እኔም ከላዩ የሱፍ ቆቤን ደፍቼ፣ ጠላዬን ጠጥቼ፣ ተኛሁ።

ጠዋት የነቃነው በእሪታ ነው። ከእትዬ አስካለ ቤት አጥር ወዲያ ያሉት አባባ ጥላዬ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል። አባባ ጥላዬ በዋዜማው ሠርጉ ላይ እንደ ሹም ተቀምጠው ወጥ ደጋግመው ሲያስጨምሩ አይቻቸዋለሁ። «ሁዳዴ ሳይገባ በደንብ ልሰናበተው» እያሉ አጥንት ሲግጡ አጠገባቸው ነበርኩ። ተሰናብተውም ሄዱ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አገሩ ሁሉ ሃምሳ አምስት ቀን ሊጾም ሲነሳ እሳቸው በሙሉ ሆድ ያመለጡት ነገር እስካሁን ያስቀናኛል።

እንግዲህ የሠርግ ቤት ሴቶች በሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ለቅሶው ሮጡ። ሙሽሮቹ ከጫጉላቸው አይወጡም። ደጅ የቀረነው እኔና ታምራት፣ ከመሐላችን ደግሞ ያ ጎላ ነበር። እትዬ አስካለ መቀነታቸውን እያጠበቁ እየሮጡ ሳሉ ድንገት ቆም ብለው ጎላውን አዩትና ደረታቸውን መቱ። ለቀስተኛው የሚበላው ንፍሮ የሚቀቀለው በዚሁ ጎላ ነው። ሌላው የሰንበቴ ጎላ ከተሰነጠቀ ወዲህ ለፍስኩም ለጾሙም የቀረው ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የጾሙ መጀመሪያ ቀን ነው፤ ካህናቱም ሕዝቡም ከቀብር እስኪመለሱ እህል አይቀምሱም። በግ የተቀቀለበት ድስት ውስጥ ንፍሮ ተቀቅሎ አንዲት የቅባት ጠብታ ከተገኘች ያ ሁሉ ሕዝብ ጾሙን በመጀመሪያው ቀን ሊገድፍ ነው። ስለዚህ ሰንበቴው ደንብ አለው። ጎላው ከፍስክ ወደ ጾም ሲሻገር የተዋሰው ቤት አጥቦ ያመጣዋል፣ ሙሴው ንጹህ ውሃ ሞልተው እሳት ላይ ያስጥዱታል፣ ውሃው ሲሞቅ አጎንብሰው ላዩን ያያሉ። በውሃው ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ክብ ቅባት ዓይን ትባላለች። አንዲት ዓይን ከታየች ጎላው ተመልሶ ይታጠባል። ታጥቦም ካልጠራ የዚያ ቤት እጅ ከሰንበቴው ዕቃ ይነሳል፤ ሠርግም ቢሆን ተዝካርም ቢሆን ለማንም አይዋስለትም። እትዬ አስካለ ገና ሦስት የሚዳሩ ልጆች አሏቸው።

ሳሙና ደግሞ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቤት ጎላውን በዱቄት ሳሙና አጥቦ ሲመልስ ንፍሮው አረፋ ደፍቆ፣ ሽቶ ሽቶ ሸትቶ፣ ባርከው የቀመሱት ቄስ አፋቸውን ሲጉመጠመጡ እንደዋሉ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ጎላው የሚታጠበው በአመድ፣ በአሸዋና በሣር ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ ከለቅሶ ቀርተው ድስት ቢያጥቡ ጎረቤታቸውን ናቁ ይባላሉ፤ ለቅሶ ሄደው ጎላው ባይታጠብ የከፋ ነው። እዚያው መንታ መንገድ ላይ ቆመው ማልቀስ ጀመሩ፤ ለአባባ ጥላዬ ይሁን ለጎላው መለየት አይቻልም። እኔ ደግሞ ጎላውን የሚያዩት ሙሴ ማን እንደሆኑ ትዝ አለኝ።

«እርስዎ ይሂዱ እትዬ፣ እኔ አጥበዋለሁ» አልኳቸው።

ታምራት ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። እትዬ አስካለ ግን ሐሳቤን እስክቀይር አልጠበቁም። እየሮጡ፣ በእጃቸው እያሳዩ፣ መጀመሪያ በጭድ እሳት አሙቁት፣ ከዚያ አመድ፣ ከዚያ ጓሳ፣ ከዚያ አሸዋ፣ መጨረሻ ጦስኝ ብለው ከአጥሩ ወዲያ ተሰወሩ። ወዲያው የእሳቸው እሪታ ከሌሎቹ በላይ ሲሰማ፣ ልባቸው ቀለል እንዳለው ገባኝ።

ጎላውን በእንጨት አንጠልጥለን፣ አንድ ስልቻ የኩበት አመድና ጭድ ተሸክመን ወንዝ ወረድን። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ስለነበር የወንዙ ዳር ነጭ ነው። የጎላው ውስጥም ነጭ ነው። የላቱ ስብ በብርዱ ረግቶ ጣት አይገባበትም። በጥፍሬ ብጭረው ጥፍሬ ተሰበረ። ታምራት ከሞተሩ ቤንዚን ቀድተን እናጥበው የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ጎላው በኋላ እሳት ላይ እንደሚጣድ ሳስታውሰው ሐሳቡን አነሳ።

እትዬ አስካለ እንዳሉት ጭድ ውስጡ አንድደን አሞቅነው። ስቡ መላቀቅ ሲጀምር በገል ፋቅነው፣ የላላውን ጠራርገን ደፋነው። ቀጥለን አመዱን ነሰነስንበት። አመድና ስብ በጥቂት ሙቅ ውሃ ሲገናኙ ጥቁር ሊጥ ይሆናሉ፤ ያን ሊጥ በተጠቀለለ ጓሳ ይዞ ግድግዳውን መፈተግ ነው። ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የደጋችን ሣር ነው፤ የብረት ሽቦ እንዲህ አይቧጥጥም። ጎላው ጥልቅ ስለሆነ እጅ ብቻ አይደርስም፤ እስከ ወገቤ ውስጡ ገብቼ፣ እግሬ ወደ ሰማይ ቀርቶ ነበር የምፈትገው። ታምራት እግሬን ይዞ «ወደ ግራ ቀረ፣ ወደ ቀኝ ቀረ» እያለ ይመራኛል።

መንገዱ በወንዙ ላይ ነው የሚያልፈው። ከሩቅ ጎጥ የሚመጡት ለቀስተኞች በሙሉ እኛ ጋ ደረሱ። ሴቶቹ እየጮሁ መጥተው፣ ከጎላው የወጣ የወንድ እግር ሲያዩ ዝም ይላሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ጥቂት ከራቁ በኋላ ለቅሷቸውን ከተዉበት ይቀጥላሉ። አንዷ አሮጊት ግን ቆመው እጄን መረቁልኝ። ወዲያው «እናት የለችህም እንዴ ልጄ?» ብለው በጣም በሐዘን ጠየቁኝ።

በአሸዋ አጠብነው፣ ደጋግመን አለቀለቅነው፣ መጨረሻ የሥጋ ሽታው እንዲጠፋ ትኩስ ጦስኝ ከገደሉ ነቅለን ውስጡን አሸነው። ጎላው ፊት የሚያሳይ ሆነ። እኔም ቆቤን አስተካክዬ፣ እንደ አሸናፊ ሆኜ፣ ወደ ለቅሶ ቤቱ ወጣሁ።

ግቢው ሞልቷል። በር ላይ ቆቤን አውልቄ በብብቴ ያዝኩ፤ ለቅሶ ቤት ራስን ሸፍኖ አይገባም። የአባባ ጥላዬ ሚስት እማማ ዘውዴ ከድንኳኑ አፍ ተቀምጠዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሱም፣ አልተናገሩም፣ መሬት መሬት ያያሉ። ትልቁ ጉልቻ ከእሳቸው ፊት ለፊት ነው። እዚያ ጉልቻ አጠገብ ደግሞ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ለንፍሮው ባቄላ የምትለቅም ሙሉነሽ አለች። አመድ የለበሰ ክንዴን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

ጋሽ ወልደየስ ጎላውን ዞረው አዩት። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸው ላይ አንድ እድፍ አይታይም። ውሃ አስሞሉት፣ እሳቱን አስነደዱት። እኔ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም። እሳቱን እፍ እላለሁ፣ እንጨት እጨምራለሁ፣ ከእሳቸው ቀድሜ አጎንብሼ ውሃውን እመረምራለሁ። አንዳች ያመለጠች ቅባት ብትኖር እኔ መጀመሪያ እንዳያት ብዬ ነው። ውሃው እንፋሎት ጀመረ።

ጋሽ ወልደየስ በከዘራቸው ጫፍ ወደ መሐሉ አመለከቱ። «አየኻት?»

አየኋት። አንዲት ክብ፣ ወርቅ የመሰለች ዓይን፣ በውሃው ላይ ቀስ ብላ ትዞራለች።

ተመለስን። ሁሉንም ከሀ ጀመርን፤ ጭድ፣ አመድ፣ ጓሳ፣ አሸዋ። ከጆሮዎቹ ሥር፣ ከታችኛው ጥግ፣ ከየጭረቱ ውስጥ በእንጨት ጫፍ ሳይቀር አወጣሁ። ጣቶቼ በብርዱ ደነዘዙ። ስለ ሙሉነሽ እያሰብኩ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያን በግ ነበር የምረግመው፣ ላቱንም፣ አራጁንም፣ ያሳደገውንም።

ለሁለተኛ ጊዜ ይዘነው ስንወጣ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ መንገድ ከፈተልን። ቆቤን አወለቅኩ፣ ውሃው ተሞላ፣ እሳቱ ነደደ፣ እኔም አጎነበስኩ። ላብና እንፋሎት ፊቴን አጥቦታል። አሁን ዓይኖቹ ሁለት ሆነው መጡ፤ አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ፣ ጎን ለጎን።

ታጥቦ የሚብስ ድስት አይቼ አላውቅም። ሰዉም አላየም። አንድ ዲያቆን ጎላው ጸበል ይረጭ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጋሽ ወልደየስ ግን ጸበል በእኔ ላይ ቢረጭ ይሻላል በሚል ዓይን ነው የተመለከቱኝ። እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሐል ሆነው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፀሐይ እየዞረች ነው፣ ፍትሐቱ ሊያልቅ ነው፣ አስከሬኑ ሲወጣ ንፍሮው መጣድ አለበት።

«አንዴ ብቻ ይፍቀዱልኝ ጋሼ» አልኩ።

ሦስተኛውን አስተጣጠብ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ታምራት ደክሞት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ እኔ ብቻዬን ነው የፈተግኩት። አመዱ አልቆ ነበር፤ የነደደውን የጭድ አመድ ራሱን ሰብስቤ ተጠቀምኩ። ከጉልበቴ እስከ ቅንድቤ ጥቁር ሆንኩ። በመጨረሻ ጎላውን በምላሴ ላስኩት፤ ሳቁ ከፈለጋችሁ። ብረት ብረት ብቻ ነበር የሚለው። ስለ ቅባት የማውቀውን ሁሉ አውጥቼ ያ ጎላ ንጹህ መሆኑን በነፍሴ መማል እችል ነበር።

ተጣደ። ዙሪያውን ሰው ቆመ። እኔ ከሁሉም ፊት፣ አፍንጫዬ ውሃውን ሊነካ ምንም ያህል አልቀረውም። ውሃው ለጥቂት ጊዜ ጥርት ብሎ ቆየ። ከታች ያለው ብረት ይታያል። መተንፈስ ልጀምር ስል፣ ከአፍንጫዬ ሥር፣ ፊት ለፊቴ እያየሁ፣ አንዲት ዓይን ተወለደች።

ጋሽ ወልደየስ ቀና አሉ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እናያለን ብዬ ነበር» አሉኝ፣ ሁሉ ሰው እየሰማ። «ይኸው አየሁ።»

ይህ ስለ ድስት ብቻ እንዳልሆነ እኔም አውቄያለሁ፣ ሽማግሌ የሄዱልኝ ሰዎችም አውቀዋል። ወደ እትዬ አስካለ ዞረው የሰንበቴውን ፍርድ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከጉልቻው አጠገብ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ጎላው ንጹህ ነው» አለች ሙሉነሽ። «የሚንጠባጠበው ከእሱ ራስ ነው። ቅቤ ተቀብቷል።»

እጄን ወደ ግንባሬ ሰደድኩ። ከፀጉሬ ጀምሮ በቅንድቤ በኩል እስከ አፍንጫዬ ጫፍ ድረስ ቅቤ እየወረደ ነው። ወንዙ ዳር በቆቤ ሥር በውርጩ ረግቶ ይቆያል፤ ለቅሶ ቤት ገብቼ ቆቤን አውልቄ ከእንፋሎቱ ላይ ሳጎነብስ ይቀልጣል። ጾሙ ከገባ ግማሽ ቀን ሆኖታል፣ የእኔ አናት ግን ገና ቅበላ ላይ ነው።

ማንም አልሳቀም። ለቅሶ ቤት ነዋ። ሁሉም ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ወልደየስ ግን እኔን አላዩም። ልጃቸውን ነበር የሚያዩት፤ እያዩዋት ሳለ ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ።

«አንቺ» አሏት ዝግ ብለው፣ «እዚህ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚያየው ጎላውን ነበር። አንቺ ምን ስታዪ ነበር?»

ሙሉነሽ ሰፌዷ ላይ አቀረቀረች። ባቄላ መልቀሟን ቀጠለች። አንገቷ ድረስ ቀላች። መልስ አላስፈለገም፤ ግቢ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ገባው። እኔም ከሁሉም በኋላ ገባኝ።

ያን ጊዜ ነው እማማ ዘውዴ የሳቁት። መጀመሪያ የሚያስሉ መስሎን ነበር። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ በደንብ ሳቁ፣ ጥርስ የሌለውን አፋቸውን ከፍተው። «ምነው ጥላዬ ይህን አይቶ በሄደ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ይወድ ነበር እኮ።» ይህን ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላቸው እንባ መጣ። እየሳቁ አለቀሱ። ሴቶቹም ተከተሏቸው፤ ግማሹ ሲያለቅስ ግማሹ ሲስቅ፣ አባባ ጥላዬ በሕይወቴ ካየኋቸው ሟቾች ሁሉ ደስ በሚል ሁኔታ ነው የተሸኙት።

ጋሽ ወልደየስ ጢማቸውን ለጥቂት ጊዜ አሻሹ። ከዚያ ያችን አንዲት ዓይን ከነውሃዋ አስደፉ፣ ጎላውን አዲስ ውሃ አስሞሉ። እኔን በከዘራቸው አመልክተው «ይህን ውሰዱና ራሱን እጠቡት፤ አመድና አሸዋ አትቆጥቡበት» ብለው አዘዙ። ታምራት ይህን ትእዛዝ በምን ዓይነት ደስታ እንደፈጸመው አልነግራችሁም። ቆዳዬ እስኪላጥ በጓሳ ፈተገኝ፤ «ወደ ግራ ቀረ፣ ወደ ቀኝ ቀረ» ማለቱንም አልረሳም። ንፍሮው ለቀብር ተመላሹ ደረሰ። ትንሽ ጦስኝ ጦስኝ ይል ነበር፤ ካህናቱም ወደዱት።

ሽማግሌዎቼ መልስ ለመስማት ሲሄዱ ጋሽ ወልደየስ ብዙ አላስጠበቋቸውም። «ልጅቷ አገር እየሰማ ተናግራለች፤ እኔ ምን እጨምራለሁ?» ብለዋቸዋል። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ተጋባን። ሠርጋችን ላይ ወጡ የተሠራው በዚያው ጎላ ነው፤ ማንም ሰው ግን ቅቤ እንዲቀባኝ አልፈቀድኩም። ሰንበቴውም ደንቡን አሻሽሏል፤ አሁን ጎላ አጥቦ የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ የራሱ አናት ይታያል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ ብዙ አይደለም። ጎማ ሲተነፍስ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን መፈለግ ሥራዬ ሆኖ ሳለ፣ ቅባቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት አንዴ እንኳ ቀና አለማለቴ ያሳፍረኛል። አሁን ቤት ውስጥ ነገር ሲበላሽ፣ ከሚስቴ ጋር ስንጣላም ቢሆን፣ ከመናገሬ በፊት እጄን ግንባሬ ላይ ማሳለፍ ልምድ ሆኖብኛል። ድስትም አጥባለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ ቁጭ ብዬ በአመድ ስፈትግ ያዩኝ ጎረቤቶች አጉረመረሙ፤ አሁን ሚስቶቻቸው የእኔን ስም እየጠሩ ስለሚያስፈራሯቸው ሰላምታቸው ቀዝቅዟል።

አንድ ነገር ግን ቆይቶ ነው የሰማሁት። ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን ደጅ ተቀምጠን እሷ ድስቱን ስታለቀልቅ እኔ ስፈትግ፣ ያን ዕለት ቅቤው ሲንጠባጠብ ያየችው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሦስተኛው ላይ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«መጀመሪያውኑ አየሁት እንጂ» አለችኝ።

እጄ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ታዲያ ያን ሁሉ ውርጭ፣ ያን ሁሉ አመድ፣ ያን ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ትመለስ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለች፣ ውሃውን እየደፋች። «ንፍሮው እንዳይዘገይ ብዬ እንጂ፣ አራተኛም አይህ ነበር።»